የብቅል ካልሲየም፦ ከአንድ ሙከራ የተያዘ ማስታወሻ

መጋቢት መጀመሪያ፣ ቅዳሜ

ገብስ ተገዛ። ቅዳሜ ገበያ እህል ተራ ገብቼ ስመርጥ የተመለከትኩት መልኩን ሳይሆን ዘመኑን ነው፤ ያረጀ ፍሬ ያምራል፣ ግን አይበቅልም። ሻጭዋ «ለቆሎ ነው ለብቅል፣ ልጄ?» አሉኝ። «ለብቅል» ስላቸው ከፊታቸው የተዘረጋውን ትተው ከኋላ ካለው ጆንያ አፈሱልኝ። «ይኼ የዳባት ነው፣ የዘንድሮ። ያኛው አምሮ ይታይሃል እንጂ ግማሹ ተኝቶ ይቀርብሃል።» ከሁለቱም ገዛሁ። ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አሳደርኳቸው።

የሥራው ጥያቄ ይህ ነው። ገብስ ሲበቅል ስታርቹን የሚቆራርጠው ዋናው ኢንዛይም አልፋ አሚሌዝ ያለ ካልሲየም አይሠራም። ይህን ማንኛውም የባዮኬሚስትሪ መጽሐፍ ይነግረናል። ነገር ግን ካልሲየም በዚያች ፍሬ ውስጥ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው በኢንዛይሙ ሰውነት ውስጥ ተቀርቅሮ ቅርጹን ይዞ መቆየት ነው። ሌላው በሕያው ሕዋስ ውስጥ በሽፋን ፕሮቲኖች በኩል እየገባና እየወጣ ኢንዛይሙ እንዲሠራና ወደ ውጭ እንዲላክ ማዘዝ ነው። ካልሲየም ስንነሳው ፍሬው ስታርቹን መቁረጥ ቢያቆም ከሁለቱ የትኛው ጎደለ? እነዚህን ሁለቱን እዚሁ ጎንደር ባለን ዕቃ መለየት ይቻል እንደሆነ ማየት እፈልጋለሁ።

ሰኞ

የሴትዮዋ ቃል ልክ ነበር። የዳባቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ነጭ ሥር አወጣ፤ አምሮ የታየው ገብስ ግን ብዙው እንደ ተኛ ነው። እርሱን ለቆሎ አዋልኩት።

ማክሰኞ

ውኃ። የካልሲየም ሙከራ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። የቧንቧ ውኃውን በሙከራ ቱቦ ወስጄ ሶዲየም ኦክሳሌት ስጨምርበት ወዲያው ነጭ ደመና ሠራ፤ ደመናው ካልሲየም ኦክሳሌት ነው። በቤተ ሙከራው የተጣራው ውኃ ጥርት ብሎ ቀረ። በቧንቧ ውኃ የታጠበ ብርጭቆ ግን ሲደርቅ ካልሲየሙን ይዞ ስለሚቀር ዕቃውን ሁሉ በቀጭን ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ከዚያ በተጣራ ውኃ ደጋግሜ አጠብኩ። ይህን ያልሠራ ሰው «ካልሲየም የሌለበት» ብሎ የሚጽፈው ሳህን ካልሲየም አለበት።

ፎስፌት ያለበት ቋት ውህድም (አሲድነት እንዳይለዋወጥ የሚያደርግ ፈሳሽ) አልጠቀምም፤ ፎስፌትና ካልሲየም ሲገናኙ ይዘቅጣሉ። በነገራችን ላይ ሕዋስ ካልሲየምን ከውስጡ አጥብቆ የሚያባርርበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የሕዋስ ኃይል ሁሉ በፎስፌት የሚዘዋወር ስለሆነ ካልሲየም እንደ ልቡ ቢገባ ቤቱ በዝቃጭ ይሞላ ነበር። ስለዚህ በሕዋሱ ፈሳሽ ውስጥ ነፃው ካልሲየም 0.1 ማይክሮሞላር አካባቢ ሲሆን፣ ከሽፋኑ ውጭና በትልቁ የሕዋስ ከረጢት ውስጥ ግን እስከ ሚሊሞላር ይደርሳል። ልዩነቱ 10,000 እጥፍ ነው። ይህን ልዩነት የሚጠብቁት በሽፋኑ ላይ የተተከሉ ፓምፖች ናቸው፤ ካልሲየሙን ለማስወጣት ኤቲፒ (የሕዋሱን የኃይል ገንዘብ) ይከፍላሉ። በሩ ለአፍታ ሲከፈት ደግሞ ካልሲየሙ ተንደርድሮ ይገባል። መልእክቱም ያ ነው።

ረቡዕ፣ ጎረቤት ቤት

ብቅል አወጣጡን ለመማር ወደ ጠላ ጠማቂዋ ጎረቤቴ ሄድኩ። መጽሐፍ ላይ የሙቀትና የእርጥበት ሠንጠረዥ አለ፤ እርሳቸው ጋር ግን እጅ አለ። ገብሱን ነክረው ያሳድራሉ፣ አጥልለው በቅጠል ይሸፍኑታል፣ ከላይ ድንጋይ ይጭኑበታል፣ ሥሩ ተያይዞ እንደ ምንጣፍ ሲሆን ይበትኑታል። «ፀሐይ ያድርቀው እንጂ እሳት እንዳይነካው» አሉኝ አጥብቀው።

ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እሳት የነካው ብቅል ጠላውን አያፈላውም። ደረቆቱ የሚቆላው ለመልኩና ለጣዕሙ ነው፤ ብቅሉ ግን ሕያው መሆን አለበት።»

ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ የለኝም። ደረቆት ሲቆላ ኢንዛይሙ ይሞታል፣ ስታርቹ ግን ይቀራል። ያንን ስታርች ለእርሾው ወደሚሆን ስኳር የሚለውጠው በፀሐይ ብቻ የደረቀው ብቅል ነው። ከደረቀው ብቅላቸው አንድ ጭብጥ ሰጡኝ፤ ገንዘብ አልቀበልም አሉ።

ሐሙስ

መብራት የለም። ለነገው ሥራ ውኃን በ70 ዲግሪ ለረጅም ጊዜ ማቆየት ያስፈልጋል፤ የቤተ ሙከራው የውኃ መሞቂያ ደግሞ በኤሌክትሪክ ነው። መፍትሔው ፔርሙዝ ሆነ። በከሰል ምድጃ ውኃ አፍልቼ፣ ቀዝቃዛ እየጨመርኩ በቴርሞሜትር 71 ላይ አድርሼ ፔርሙዝ ውስጥ ሞላሁት፤ ቱቦዎቹን በክር አስሬ አንጠለጠልኩ። ሩብ ሰዓት ሙሉ ከአንድ ዲግሪ በላይ አልወረደም። ከኤሌክትሪኩ የበለጠ ይታመናል ብል ማጋነን አይሆንም።

አንድ ነገር እዚሁ ይመዝገብ፦ ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው 93 ዲግሪ አካባቢ ነው። በመመሪያ ላይ «አፍልተህ ግደለው» የሚል ካለ ጊዜውን ማርዘም ያስፈልጋል።

ዓርብ፣ የመጀመሪያው ክፍል፦ ኢንዛይሙ ለብቻው

ብቅሉን ፈጭቼ በ3 ሚሊሞላር ካልሲየም ክሎራይድ ውኃ አሟሟሁት፣ በጨርቅ አጠለልኩት፣ ከዚያ በፔርሙዙ ውስጥ በ70 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አስቀመጥኩት። ይህ የቆየ ብልሃት ነው። በብቅል ውስጥ ሁለት አሚሌዞች አሉ፦ አልፋና ቤታ። ቤታው ካልሲየም አያስፈልገውም፣ ሙቀትም አይችልም፤ በ70 ዲግሪ ይሞታል። አልፋው ግን ካልሲየም እስካለለት ድረስ ይቋቋማል። ስለዚህ ከሩብ ሰዓት በኋላ ቱቦው ውስጥ የቀረው ሠራተኛ አልፋው ብቻ ነው።

ካልሲየሙን ለመንጠቅ ኢዲቲኤ ያስፈልጋል። የሪኤጀንት ጠርሙሱ ባዶ ነበር። የላብራቶሪ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ለደም ምርመራ የሚያገለግሉ ሐምራዊ ክዳን ያላቸው አዳዲስ ቱቦዎች ገዛሁ፤ ደሙ እንዳይረጋ የሚያደርገው በግድግዳቸው ላይ የተረጨው ኢዲቲኤ ነው፣ ደም ለመርጋት ካልሲየም ስለሚፈልግ። የ4 ሚሊ ሊትሩን ቱቦ በ1 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውኃ ሳጥበው ወደ 18 ሚሊሞላር ኢዲቲኤ አገኘሁ። አሲድነቱን በሶዲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብታ ወደ ፒኤች 7 አመጣሁት። ይህ እርምጃ መዘለል የለበትም፤ ኢዲቲኤ አሲድ ውስጥ ካልሲየምን የመያዝ ጉልበቱ ይዳከማል።

ጭማቂውን ለአራት ከፈልኩ። አንዱ እንዳለ ቀረ። በሌሎቹ ሦስቱ እኩል መጠን ኢዲቲኤ ገባ፤ ከእነዚህ በአንዱ ላይ ወዲያው ብዙ ካልሲየም፣ በሌላው ላይ ብዙ ማግኒዥየም ጨመርኩ። ሁሉንም በ60 ዲግሪ ለ20 ደቂቃ አቆየሁ። ከዚያ ከፈላ የድንች ስታርች ጋር አዋህጄ በየደቂቃው አንድ ጠብታ ነጭ ሳህን ላይ ከአዮዲን ጋር አገናኘሁ።

ሳህኑ ላይ የታየው እንዲህ ነው። የመጀመሪያው ቱቦ ረድፍ በጥቁር ሰማያዊ ጀመረ፣ ወደ ሐምራዊ ሄደ፣ ወደ ቀይ ቡናማ ዞረ፣ በአምስተኛው ደቂቃ ላይ የአዮዲኑ ቢጫ ብቻ ቀረ። የኢዲቲኤው ረድፍ እስከ መጨረሻው ሰማያዊ ነው፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም እዚያው ነው። ካልሲየም በጊዜ የተመለሰለት ከመጀመሪያው ጋር እኩል ሄደ። ማግኒዥየም የተሰጠው ግን ሰማያዊ ሆኖ ቀረ። ስለዚህ ጉድለቱ የካልሲየም እንጂ የማንኛውም ሁለት ሙል ያለው ብረት አይደለም።

ከዚህ የበለጠ ያስደሰተኝ ሌላ ቱቦ ነው። ኢዲቲኤ ያለበትን ሳላሞቅ በክፍሉ ሙቀት አስቀመጥኩት። ከአንድ ሰዓት በኋላም ስታርቹን ይቆርጣል፤ ትንሽ ቢዘገይም ይቆርጣል። እንግዲህ ካልሲየሙ በቀላሉ የሚለቅ አይደለም፤ ሙቀት የፕሮቲኑን መገጣጠሚያ ሲያላላው ነው ኢዲቲኤ የሚነጥቀው። በ60 ዲግሪ ከተነጠቀ በኋላ ደግሞ ካልሲየም ቢመለስለትም አይነሣም፤ ቅርጹ ፈርሷል። በ1994 የታተመው የገብስ አልፋ አሚሌዝ የክሪስታል ቅርጽ በዚህ ኢንዛይም ውስጥ ሦስት ካልሲየሞች መኖራቸውን አሳይቷል።

ሰኞ

የሥራ ባልደረባዬ «ለሁለተኛው ክፍል ቬራፓሚል ተጠቀም፣ ካልሲየም በር ይዘጋል፣ ፋርማሲ ሁሉ አለው» አለኝ። አልተቀበልኩትም። ቬራፓሚል የልብ መድኃኒት ነው፤ በዕፅዋት ሽፋን ላይ የፖታሲየም በሮችንም ይዘጋል። እንዲህ ያለ መድኃኒት ሰጥቶ ሥራ ሲቆም «ካልሲየም ነው» ማለት ለክርክር ይመቻል እንጂ ለማስረጃ አይሆንም። ካልሲየሙን ራሱን መከልከል ይሻላል።

ማክሰኞ፣ ሁለተኛው ክፍል፦ ግማሽ ፍሬ

እዚህ ላይ ነው ሽፋኑ የሚገባበት። የገብስ ፍሬ ውስጠኛው ስታርች የሞተ ሕዋስ ነው። በዙሪያው ያለው፣ በገብስ ሦስት ረድፍ ሕዋስ ገደማ የሆነው አሌሮን ግን ሕያው ነው፤ አልፋ አሚሌዝን የሚሠራው እርሱ ነው። የሚያዘው ደግሞ ሽሉ ነው፦ ጂቤሬሊን የተባለ ሆርሞን ይልካል። በ1960 ዮሞ በጃፓን፣ ፓሌግ በአውስትራሊያ፣ ሽሉ ቢወገድም ጂቤሬሊን በእጅ ቢሰጠው ፍሬው ኢንዛይም እንደሚሠራ አሳዩ። እኔም የምሠራው በዚያው መንገድ ነው።

ፍሬውን በስለት ወርድ ለወርድ ቆርጬ ሽል ያለበትን ግማሽ ጣልኩ። የቀረውን በአምስት እጥፍ በቀጠነ በረኪና አጥቤ ተፈልቶ በቀዘቀዘ የተጣራ ውኃ አለቀለቅኩት። በረኪናው ካልታጠበ አሌሮኑን ይገድላል፤ ካልተቀባ ደግሞ ባክቴሪያው የራሱን አሚሌዝ ያመርትና ውጤቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም።

ሳህኖቹ፦ ካልሲየም ብቻ ያለበት፤ ጂቤሬሊክ አሲድ (አንዱ የጂቤሬሊን ዓይነት) 1 ማይክሮሞላርና ካልሲየም 10 ሚሊሞላር ያለበት፤ ጂቤሬሊክ አሲድ ብቻ፤ እንዲሁም በጂቤሬሊክ አሲድ ብቻ ጀምሮ በማግሥቱ ካልሲየም የሚቀበል። የሁሉም ፒኤች 5.5 አካባቢ ነው። ተማሪዬ «ለምን ኢጂቲኤ አንጨምርበትም? ካልሲየም ለመያዝ ከኢዲቲኤ የበለጠ ይመርጣል እኮ» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ ጥሩ ነው። ኢጂቲኤ ማግኒዥየምን ትቶ ካልሲየምን በመያዝ ይታወቃል፤ ነገር ግን በፒኤች 7 የሚይዘውን ያህል በ5.5 አይዝም። ባዶ ስም ሆኖ ሳህኑ ውስጥ ይንሳፈፋል። ስለዚህ በንጹሕ ውኃና በንጹሕ ብርጭቆ ብቻ ተማመንን።

ማታ ጨመርኩት፦ አምስተኛ ሳህን፣ ፍሬ የሌለበት። ካልሲየም ሳይጨመር የተዘጋጀ የብቅል ጭማቂ እጅግ ቀጥኖ ካልሲየም በሌለው ቋት ውህድ ውስጥ ተቀመጠ። የሥራው ሁሉ ቁልፍ ይህ ሳህን ይመስለኛል። ካልሲየም በሌለበት ሳህን ውጭ ላይ ኢንዛይም ካጣን፣ ሕዋሱ ስላልላከው ነው ወይስ ከተላከ በኋላ ፈርሶ? የተሠራ ኢንዛይም እዚያ ውስጥ ስንት ቀን እንደሚኖር ሳናውቅ መልስ የለንም። በ1967 ክሪስፒልስና ቫርነር በገብስ አሌሮን ላይ ሲሠሩ ካልሲየም የተለቀቀውን ኢንዛይም ከመፍረስ እንደሚጠብቅ አይተው ነበርና ጥርጣሬው መሠረት አለው።

ሐሙስ

ውጤት ማንበቢያ ቀን።

ጂቤሬሊን ያልተሰጠው ሳህን ስታርቹን እንዳለ ተወው። ሆርሞኑና ካልሲየሙ ያሉበት በጥቂት ደቂቃ አጠራው። ካልሲየም የተከለከለው እጅግ ደካማ ነው፤ ሐምራዊ ላይ ደርሶ ቆመ። ሐምራዊ ላይ መቆሙ ራሱ ምልክት ነው፦ ቤታ አሚሌዝ የስታርቹ ቅርንጫፍ ላይ ሲደርስ ስለሚቆም የሚተወው ቅሪት አዮዲንን ሐምራዊ ያደርገዋል። ፍሬው ውስጥ ከመጀመሪያው ተከማችቶ የነበረው ቤታ ወጥቷል ማለት ነው፤ የጠፋው አልፋው ነው።

ፍሬዎቹን ራሳቸውን ፈጭተን ለካን። ካልሲየም በተከለከሉት ውስጥ ትንሽ አልፋ አለ፣ ግን ካልሲየም ካገኙት በጣም ያነሰ። ስለዚህ ተሠርቶ ውስጥ ታፍኖ የቀረ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም።

አምስተኛው ሳህን፦ የብቅሉ ኢንዛይም ካልሲየም በሌለበት ከግማሽ በታች ወርዷል፣ ግን አልጠፋም። መፍረስ አለ። ግን መፍረስ ብቻ ቢሆን ኖሮ ፍሬ ባለበት ሳህን ካየነው የሚበልጥ ቀሪ ልናይ በተገባን ነበር። የቀረው ጉድለት የሕዋሱ ነው።

በመጨረሻም ዘግይቶ ካልሲየም ያገኘው ሳህን። ረቡዕ ጠዋት ጨመርንለት፤ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ከውጭው ፈሳሽ የወሰድነው ጠብታ ማጥራት ጀምሯል። ፍሬው በሆርሞኑ ታዝዞ፣ ተዘጋጅቶ፣ ካልሲየም ብቻ ይጠብቅ ነበር።

ዓርብ

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን በወረቀት ላይ ሣልኩት። ጂቤሬሊን ሲደርስ በአሌሮን ሕዋስ ፈሳሽ ውስጥ ያለው ካልሲየም ከፍ ይላል። በዚያው መጠን በኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም (ወደ ውጭ የሚላኩ ፕሮቲኖች የሚታጠፉበት የሕዋሱ ክፍል) ሽፋን ላይ ያሉት ፓምፖች ካልሲየሙን ወደ ውስጥ ማስገባት ያፋጥናሉ፤ ካልሞዱሊን በዚህ ላይ እጁ አለበት። ካልሞዱሊን 148 አሚኖ አሲድ ያለው ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ አራት ካልሲየም ይይዛል፣ ሲይዝ ቅርጹ ይለወጥና ሌላውን ፕሮቲን ያቅፋል። አልፋ አሚሌዝ የሚታጠፈው እዚያው ሬቲኩለም ውስጥ ነው፤ ካልሲየሙን የሚቀበለውም እዚያው። ፓምፑ ከሌለ ኢንዛይሙ ባዶውን ይታጠፋል። እንግዲህ ባለፈው ሳምንት ዓርብ በቱቦ ያየሁት የተቀረቀረ ካልሲየምና በሽፋን የሚያልፈው ካልሲየም የሚገናኙት በዚህች ፓምፕ ላይ ነው፤ የአንዱ መልእክት የሌላው ጥሬ ዕቃ ይሆናል።

በ1980ዎቹ በገብስ አሌሮን ላይ የተሠራው እንደሚያሳየው ካልሲየም ሲጎድል የሚቀንሰው በተለይ አንደኛው የአልፋ አሚሌዝ ቤተሰብ ነው፤ ሌላው ብዙም አይነካም። አዮዲን ሁለቱን አይለይም። ለዚያ በኤሌክትሪክ ሙል የሚለይ ጄል ያስፈልጋል።

ቀጣዩ ሳምንት፣ ሦስተኛው ክፍል

ካልሲየም ሲኖር ሽፋን ላይ የሚለጠፉ፣ ሲወሰድ የሚለቁ ፕሮቲኖችን ከቡቃያው ለማውጣት ሞከርን። አኔክሲን የሚባሉት ከእነዚህ ናቸው፤ በዕፅዋት ውስጥ በ1989 ከቲማቲም ተለይተው ታወቁ። በ1993 ደግሞ በጥጥ ውስጥ ካሎስ (በሕዋስ ግድግዳ ላይ የሚሠራ የስኳር ሰንሰለት) ከሚሠራው የሽፋን ኢንዛይም ጋር አብረው ተገኙ፤ ያ ኢንዛይም ራሱ በካልሲየም የሚቀሰቀስ ነው። የሽፋን ፕሮቲን ኢንዛይምን መቆጣጠሩ እንግዲህ ከገብስ አሌሮን ውጭም የሚታይ ነገር ነው።

አረንጓዴውን ቡቃያ በቀዝቃዛ ሙቀጫ ካልሲየም ባለበት ቋት ውህድ ፈጨን። በረዶው የመጣው ከጭማቂ ቤት ነው። በቀስታ ሽክርክሪት ገለባውን አስወገድን፣ በፍጥነት ሽክርክሪት ሽፋኖቹን አዘቀጥን። ዝቃጩን በካልሲየም አጠብነው፣ ከዚያ በፒኤች 7.4 በ5 ሚሊሞላር ኢጂቲኤ ፈታነው። እዚህ ፒኤች ላይ ኢጂቲኤ ሥራውን ይሠራል። ለማመሳከሪያ ሌላ ክምችት ከመጀመሪያው ጀምሮ በኢጂቲኤ ተፈጨ።

የብራድፎርድ ቀለም (ፕሮቲን ሲያገኝ ከቡናማ ወደ ሰማያዊ የሚለወጥ)፦ የካልሲየም እጥበቱ ቡናማ ቀረ፣ የኢጂቲኤው ሰማያዊ ሆነ። ከመነሻው በኢጂቲኤ የተፈጨው ሲታጠብ የሰጠው እምብዛም ነው። ተማሪዬ በደስታ «አኔክሲን!» አለች። ሰማያዊው ግን ፕሮቲን መኖሩን እንጂ ስሙን አይናገርም፤ በኢጂቲኤ የሚለቅ ፕሮቲን ብዙ ዓይነት ነው፣ ካልሞዱሊንም ሊኖርበት ይችላል።

ረቡዕ

ፕሮቲኖችን በመጠን የሚለየው ጄል ሄደ፣ መብራቱም አልጠፋም። በኢጂቲኤው ረድፍ ላይ በ33 እና በ36 ኪሎዳልተን (የፕሮቲን ክብደት መለኪያ) መካከል ሁለት ተቀራራቢ መስመሮች አሉ፤ የዕፅዋት አኔክሲኖች የሚታወቁት በዚህ አካባቢ ነው። በማመሳከሪያው ረድፍ ላይ የሉም። ከታች ወደ 17 ኪሎዳልተን ቀጭን መስመር ይታያል።

ለተማሪዬ የሰጠኋት ሥራ ይህ ነው፦ የለቀቀውን ፕሮቲን በአዲስ ሽፋን ላይ ካልሲየም ጨምራ መልሳ ትለጥፈው። የሚለጠፈው 35ቱ አካባቢ ያለው ከሆነና የ17ቱ ውኃ ውስጥ ከቀረ፣ የሽፋኑን ስብ (ፎስፎሊፒድን) ራሱ የሚይዘውን ፕሮቲን በፕሮቲን ላይ ብቻ ከሚንጠለጠለው ለይተናል። ጄሉን ለእርሷ በፕላስቲክ ጠቅልዬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስቀመጥኩት፤ የዳባቱ ገብስ ደግሞ ዛሬ ማታ ይነከራል።